በግጭት የተፈናቀለ ልጅ ከቤተሰቡ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይገናኛል?

በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተነሣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተቀሰቀሰው ግጭት የተፈናቀሉ ሰዎች በሐረርና በጅግጅጋ መካከል በሚገኘው ቆሎጂ መጠለያ ዓመታት ቆጥረዋል። የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ሁሉ ከፋ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዘገበ። በአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ጄኔቫ ያለው ማዕከል እንዳለው፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በግጭት ምክንያት በአንድ አገር በአንድ ዓመት ከተመዘገበው መፈናቀል ሁሉ ትልቁ ነበር። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ገቡ፤ ሽሬና መቐለ ውስጥ የመማሪያ ክፍሎች መኖሪያ ሆኑ።

ከአገራችን ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ሰው ተፈናቀለ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር ስለ ልጆች እየሰማን ነው። ስንዴው፣ ሸራውና መድኃኒቱ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ለልጅ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው አብሮት ያለው አዋቂ ነው፤ እናት፣ አባት፣ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት። ያ ሰው ካለ ስንዴውም ይደርሰዋል፣ ሌሊትም የሚጠብቀው አያጣም። ያ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆንና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ከዚህ በታች እናያለን።

ተፈናቃይና ስደተኛ በምን ይለያያሉ?

የሚለያቸው ድንበር ነው። ስደተኛ የአገሩን ድንበር ተሻግሯል። የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ደግሞ በጦርነት፣ በጥቃት ወይም በተፈጥሮ አደጋ ቤቱን ጥሎ ቢሸሽም ከአገሩ አልወጣም።

ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው እናስብ። አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ግቢ ቢገባ እንግዳ ነው፤ እንግዳ የሚያዝበት ወግ አለ፣ ጎረቤትየው ቢያጉላላው መንደሩ ይጠይቀዋል። እዚያው በራሱ ግቢ ጎተራ ሥር ከተጠለለ ግን ኃላፊነቱ የግቢው አባወራ ነው። ልርዳ የሚል ሰው ቢመጣም የሚገባው በአባወራው በር ነው፤ አባወራው ራሱ ከጠበኞቹ አንዱ ቢሆን እንኳ። የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ሁኔታ እንደዚህ ነው። ስደተኛን የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የአፍሪካውም በ1961 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተፈርሟል። ለአገር ውስጥ ተፈናቃይ ግን እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የራሱ ሰነድ አልነበረውም። በዚያ ዓመት ሱዳናዊው ዲፕሎማት ፍራንሲስ ዴንግ በመሪነት ያዘጋጁት 30 መርሆዎችን የያዘ ሰነድ ለተባበሩት መንግሥታት ቀረበ። ይህ ሰነድ መንግሥታትን በሕግ የሚያስገድድ አልነበረም።

የሚያስገድደው የመጣው ከአፍሪካ ነው። ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ብቻ የተዘጋጀ በዓለም የመጀመሪያው አህጉራዊ አስገዳጅ ሕግ ሲሆን፣ ከኅዳር 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች፤ ስለዚህ የአገራችን ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 9 ከቤተሰብ ለተለዩ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግና መንግሥት የተበታተነ ቤተሰብን ፈልጎ የሚያገናኝበት አሠራር እንዲዘረጋ ያዛል። ቤተሰብን ፈልጎ ማገናኘት እንደ በጎ አድራጎት ብቻ መታየት የሌለበት ለዚህ ነው፤ ግዴታ ነው።

ልጅ ከቤተሰቡ የሚለየው መቼ ነው?

ሁለት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው በሽሽት ሰዓት ነው። አባት ገበያ፣ እናት ወንዝ፣ ታላቁ ልጅ ከብት ጥበቃ፣ ተከታዩ ትምህርት ቤት ሳሉ ተኩስ ይጀመራል፤ ሁሉም በየአለበት ይሮጣል። አብረው ቢሆኑ እንኳ እናት የምታዝለው አንዱን ነው። አንዱን ወይም ሁለቱን በእጇ ትይዛለች። የቀረው «ተከተለኝ» ተብሎ ከኋላ ይሮጣል፣ በጨለማና በግርግር መካከል ይጠፋል። መንገድ ላይ የተገኘ አይሱዙ ሕፃናቱን አስቀድሞ ይጭንና አዋቂዎቹ በእግር ይቀራሉ። የቆሰለች እናት በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ትወሰድና ልጆቿ ከማን ጋር እንደቀሩ የሚመዘግብ ሰው አይኖርም። ስልክ ከተቋረጠ ደግሞ የአንድ ቀን መለያየት የዓመት ይሆናል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ የሆነው ይህ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያለ ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ወራት አሳልፏል።

ሁለተኛው ጊዜ መጠለያ ከተገባ ከወራት በኋላ ነው፤ ይህኛው ስለማይጮህ ብዙ ጊዜ አይታይም። የርዳታ እህል ሲዘገይ የ13 ዓመቷ ልጅ ሰው ቤት ለመቀጠር ወደ ከተማ ትላካለች። ወንዱ ሊስትሮ ወይም ሎተሪ አዟሪ ይሆናል፣ አለዚያ ደላላ አግኝቶት የጅቡቲን መንገድ ይይዛል። ዕድሜዋ ሳይደርስ የምትዳርም አለች፤ ወላጆቿ «ቢያንስ ጥላ ይሆናታል» ብለው። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ይህን ውሳኔ የሚወስኑ ወላጆች ልጃቸውን የጠሉ አይደሉም፣ አማራጭ ያጡ ናቸው። ስለዚህ ለቤተሰቡ በሰዓቱ የሚደርስ ስንዴና ጥሬ ገንዘብ ራሱ የልጅ ጥበቃ ነው።

እዚህ ላይ ርዳታው ራሱ ጥፋት ሊያመጣ የሚችልበት መንገድ አለ። አንድ ድርጅት ብርድ ልብስና ልብስ የሚሰጠው «ብቻቸውን ለሆኑ ልጆች» ብቻ ከሆነ፣ የተቸገረ ቤተሰብ የራሱን ልጅ ብቻውን እንደሆነ አድርጎ ለማስመዝገብ ይገፋፋል። ልምድ ያላቸው ድርጅቶች ብቻውን የተገኘውን ልጅ ለይተው ቢመዘግቡም፣ ድጋፉን ልጁን ለያዘው ቤተሰብና በዙሪያው ላሉት ጭምር የሚሰጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ብቻውን የተገኘ ልጅ ሁሉ ወላጁ ሞቶበታል?

አይደለም፤ ትልቁ ስሕተትም እዚህ ላይ ይፈጸማል። ባለሙያዎች ሦስት ሁኔታዎችን ይለያሉ። እናትና አባቱን በሞት ያጣ ልጅ አለ። ከወላጆቹ ተለይቶ ከአያት፣ ከአጎት ወይም ከሌላ ዘመድ ጋር ያለ ልጅ አለ። በሕግም በልማድም ለእርሱ ኃላፊ የሆነ አንድም አዋቂ አጠገቡ የሌለ ልጅም አለ። ሦስቱም የየራሳቸው እርዳታ ይፈልጋሉ። ወላጆቹን በሞት ያጣው ልጅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ አለው።

ከ1994 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው ነበር። በዚያ ሁሉ እልቂት መካከል እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ወላጅ ወይም ዘመድ ተገኝቶላቸዋል። «ማንም የለውም» ብሎ መደምደም ከፍለጋ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ከፍለጋ በፊት የደመደመ ሰው ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ከቤተሰቡ ይለየዋል።

ፍለጋው እንዴት ይሠራል?

በዚህ ሥራ ረጅም ልምድ ያለው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው፤ ከ1870 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ወዲህ ሲሠራው ኖሯል። በአገራችን በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በየቅርንጫፉ አብሮት ይሠራል። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ ዩኒሴፍና ሌሎች የሕፃናት ድርጅቶችም ልጆቹን በመመዝገብና በመንከባከብ ይሳተፋሉ። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው።

መጀመሪያ ምዝገባ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን የልጅና የአባት ስም ብቻውን ሩቅ አያስኬድም፤ አበበ ከበደ በየወረዳው ሞልቷል፣ ፋጡማ መሐመድም እንደዚሁ። የአያት ስም፣ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ አባት በመንደሩ የሚታወቅበት ቅጽል ስም ሁሉ ይጠየቃል። ትንሽ ልጅ እናቱን «እማዬ» ከማለት በቀር ስሟን ላያውቅ ይችላል። «ጎረቤቶች እናትህን ምን ብለው ይጠሯታል?» ሲባል ግን «የሰዒድ እናት» ይላል። አንድ የወንድም ስም ተገኘ ማለት ነው። የገበያው ቀን ምን ቀን ነው? ገበያው ቅርብ ነው ወይስ በጠዋት ተነሥታችሁ ነው የምትሄዱት? ቤተ ክርስቲያኑ የማን ታቦት ነው? መስጊዱ ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? አስተማሪህ ማን ይባላል? አንድ የቅዳሜ ገበያ፣ አንድ ገብርኤልና አንድ ወንዝ ሲገጣጠሙ ቀበሌው ይታወቃል።

ጨርሶ መናገር ለማይችል ሕፃን ደግሞ የተገኘበት ቦታና ሰዓት፣ ያመጣው ሰው ስምና ስልክ፣ የለበሰው ልብስ፣ አንገቱ ላይ ያለው ክር ወይም ክታብ ዋጋ አላቸው። ስለዚህ በአዲስ ልብስ ሲቀየር አሮጌው አይጣልም። አብረው የተገኙ ወንድማማቾችም አይለያዩም።

ቀጥሎ መፈለግ ነው። ስሞች በመጠለያዎች ይነበባሉ፤ የልጁ ፎቶ በጥንቃቄ ለቀበሌ ሹማምንት፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ለእድር ዳኞች ይታያል። ባለሙያው ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው እየሄደ ከዚያ ወረዳ የመጡትን ይጠይቃል። ስልክ በማይሠራበት ጊዜ የቀይ መስቀል መልዕክት አለ። በፖስታ የማይታሸግ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚጻፍበት አጭር ወረቀት ነው። ክፍት የሆነው በየኬላው ያሉ ኃይሎች ወታደራዊ ወሬ እንደሌለበት አይተው እንዲያሳልፉት ነው። «ደኅና ነኝ፣ ከአክስቴ ጋር ነኝ፣ እናንተስ?» የሚል ሦስት መስመር የጦር ግንባር አቋርጦ ይደርሳል። የነጻ ስልክ ጥሪም ይሰጣል።

ዘመድ ተገኘ ማለት ግን ልጁ ወዲያው ይሰጣል ማለት አይደለም። ልጁና «እናቱ ነኝ» ያለችው ሴት ለየብቻ ስለ አንድ ነገር ይጠየቃሉ፤ ቤት ውስጥ ስላለው ነገር፣ ስለ ወንድሞቹ፣ ስለ ልጁ ጠባሳ። መልሱ ካልገጠመ ማጣራቱ ይቀጥላል። ልጁ መሄድ ይፈልግ እንደሆነም ይጠየቃል። የሚሄድበት ቦታ ተኩስ ያለበት ከሆነ ይዘገያል። ከተረከቡም በኋላ ሠራተኛ ሄዶ ያያል፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ተለይቶ የቆየ ልጅ ቋንቋው ሊቀየር፣ እንጀራ አባት ገብቶ ሊጠብቀው፣ ቤተሰቡም ከመለያየቱ በፊት ከነበረው በላይ ደህይቶ ሊያገኘው ይችላል።

እስከዚያ የት ይቆያል?

ከዘመድ ጋር። ዘመድ ከሌለ ከአንድ መንደር በመጣ ጎረቤት ወይም ተመርምሮ በተመረጠ ቤተሰብ ዘንድ፣ ክትትል እየተደረገ። የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የአገራችንም የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። በተቋም ያደገ ልጅ ከዘመዱና ከቀዬው ይቆረጣል፣ ፍለጋውም ይቀዘቅዛል።

ጉዲፈቻ ደግሞ ቋሚ ነገር ስለሆነ ቤተሰብ እየተፈለገ ባለበት ጊዜ አይታሰብም። የውጭ አገር ጉዲፈቻን ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽላ አቁማለች። አገር ውስጥም ቢሆን ከመንገድ ያገኙትን ልጅ «አሳድገዋለሁ» ብሎ ሳያስመዘግቡ ቤት ማስገባት፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ፈላጊ እናትን ያስቀራል።

ብቻውን የሆነ ልጅ ካጋጠመንስ?

ልጁ አደጋ ላይ ካልሆነ ከተገኘበት አካባቢ አይራቅ፤ ፈላጊው መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነው። በአቅራቢያው ላለ ቀበሌ፣ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስ ወይም ለቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ይነገር። የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደተገኘ በወረቀት ይጻፍ።

ስለ ፌስቡክና ቲክቶክም መናገር ያስፈልጋል። የልጁን ፊት፣ ሙሉ ስምና ያለበትን ቦታ አንድ ላይ መለጠፍ ለእናቱ እንደሚደርስ ሁሉ ለደላላም፣ ቤተሰቡን ላሳደደው ታጣቂም ይደርሳል። የተደፈረች ልጅ ታሪክ ከፊቷ ጋር ከወጣ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ገንዘብ ለማሰባሰብ ተብሎም ይህ መደረግ የለበትም።

መጠለያ ውስጥ ምን ያሰጋል?

ሦስትና አራት ቤተሰብ በአንድ ሸራ ሥር ሲያድር፣ መጸዳጃው ሩቅና መብራት የሌለው ሲሆን፣ ልጃገረዶች ማገዶ ፍለጋ ጫካ ሲወጡ ጥቃት ይበዛል። መብራት፣ ከውስጥ የሚዘጋ የሴቶች መጸዳጃ፣ ለማገዶ ምትክ የሚሆን ነገር ማቅረብ ጥቃትን ከሚቀንሱት ውስጥ ናቸው። ጥቃት ከደረሰ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በፈጠነ መጠን ግን ይሻላል። ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

ሌላው ስጋት ወደ ታጣቂ መሳብ ነው። ኢትዮጵያ ልጆችን በጦርነት ስለማሳተፍ የወጣውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ተቀብላለች፤ የታጠቁ ቡድኖችም ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መመልመል አይችሉም። ጠመንጃ የያዘ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ ምግብ አብሳይ፣ ስንቅ ተሸካሚ፣ መልዕክተኛም የተደረገ ልጅ ተበድሏል። ከቡድኑ ሲወጣም እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ተጎጂ ሊያዝ ይገባል።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1999 በአልባኒያ ለኮሶቮ ስደተኞች ከጀመራቸው ወዲህ በየመጠለያው የሚታዩት የልጆች መጫወቻ ድንኳኖች ለጨዋታ ብቻ የተተከሉ አይደሉም። ልጅ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሲመጣ የቀረው ይታወቃል፤ የማይናገረው፣ ሌሊት የሚጮኸው፣ ምግብ የሚሸሽገው ልጅም የሚታየው እዚያ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ ለምን ይህን ያህል ይነሣል?

የቀበሌ መታወቂያ የተቃጠለበት አባወራ ሲም ካርድ ማውጣት፣ ርዳታ ላይ መመዝገብ፣ ኬላ ማለፍ ይቸግረዋል። ለልጅ ደግሞ ወረቀት ዕድሜው ነው። 15 ዓመቷ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የሌላት ልጅ «18 ሞልቷታል» ተብላ ልትዳር፣ ወንድሟም ሊመለመል ይችላል። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የብዙው ተፈናቃይ ልጅ ችግር የወረቀት መጥፋት ሳይሆን ከመጀመሪያው አለመኖር ነው።

የካምፓላው ስምምነት አንቀጽ 13 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የጠፋ ሰነድ ለመተካት ተፈናቃዩን «ወደ መጣህበት ሂድና አምጣ» ማለት አይቻልም። ሴቶችና ከቤተሰብ የተለዩ ልጆችም ሰነዱን በራሳቸው ስም የማግኘት መብት አላቸው። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ የቀበሌ ሠራተኛ ቢበዛ ብዙ እናቶች ከመስኮት አይመለሱም ነበር።

ትምህርት ላይም ያው ነው። ክፍሎቹ መጠለያ ሲሆኑ ተፈናቃዩም የአካባቢው ልጅም አይማርም፣ በመካከላቸውም ቅሬታ ይገባል። በትግራይ በመጀመሪያ በኮሮና፣ ከዚያ በጦርነቱ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ክፍል ሳይገቡ ቀርተዋል። የ10 ዓመት ልጅ 13 ሞልቶት ከ3ኛ ክፍል ሲጀምር ያፍራል፣ ያቋርጣል። የተፋጠነ ትምህርት፣ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ወረቀት ሳይጠየቅ በችሎታ ፈተና ክፍል መመደብ፣ በሚያውቀው ቋንቋ መማር ይረዱታል።

ወደ ቀዬ መመለስስ?

ሕጉ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል፤ ወደ ቀዬ መመለስ፣ ባሉበት መቋቋም ወይም ሌላ ቦታ መሥፈር። የሚመርጠው ተፈናቃዩ ነው፤ በፈቃዱ፣ ስለ ቦታው እውነተኛ መረጃ አግኝቶ። በ2011 ዓ.ም. ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ሲመለስ ቤቱ ሳይሠራ፣ እርቁ ሳይጸና የተመለሰና ዳግም የተፈናቀለ ነበር። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም በመጠለያ የቀሩ ብዙዎች ናቸው።

ከልጅ አንጻር ሲታይ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል? ጤና ጣቢያው መድኃኒት አለው? ያልፈነዳ ተተኳሽ ከእርሻውና ከግጦሹ ተለቅሟል? የሚያገኙት ልጆች ናቸውና። ፍለጋ ላይ ያለ ልጅ ካለስ መዝገቡ ከመጠለያው መዘጋት ጋር ይጠፋል ወይስ ይተላለፋል? መጠለያ ሲፈርስ ሠራተኞቹ አብረው ይበተናሉ፣ እናት ልጇን የምትጠይቅበት ቢሮ አይኖርም። ስለዚህ ተመላሽ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አዲሱን ቀበሌና የአንድ ዘመድ ስልክ ለፍለጋ ክፍሉ ማስመዝገብ አለበት።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ምን ማድረግ ይችላል?

የፍለጋ ጥያቄ የሚከፈተው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ አገሮች፣ በእስራኤልም የዚያ አገር አቻ ማኅበር በሆነው በማገን ዳዊድ አዶም በኩል፣ ያለበትን አገር የቀይ መስቀል ማኅበር የሚያነጋግር ሰው ጥያቄው በቀይ መስቀልና በቀይ ጨረቃ መረብ ይተላለፍለታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት በመተማ በኩል ሲሻገሩ የተለያዩ ቤተሰቦችም በዚሁ መንገድ መጠየቅ ይችላሉ።

ሲሄዱ የሚያስፈልገው የተፈላጊው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የቤት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመን በግምትም ቢሆን፣ የመጨረሻው የኖረበት ቀበሌና መጨረሻ የተገናኙበት ቀን ነው፤ ፎቶ ካለም ይወሰድ። ጠያቂው ምን ዘመዱ እንደሆነ ይገለጻል። የተገኘው ሰው ካልፈቀደ አድራሻው ለጠያቂው አይሰጥም፤ «ደኅና ነኝ፣ አድራሻዬን ግን አትስጡ» ሊል ይችላል፣ ይህም መብቱ ነው። መልስ በሳምንትም በዓመታትም ሊመጣ ስለሚችል ስልክ ወይም መኖሪያ የቀየረ ጠያቂ አዲሱን ለዚያው ቢሮ ያሳውቅ።